አያያዙን አይቶ

ከመኝታ ቤታችን ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ጥቁር ሣጥን ውስጥ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ከ40 ዓመት በላይ ተኝቶ ኖሯል። ባለቤቴ በዓል በመጣ ቁጥር ሣጥኑን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች፣ «እኚህ ሰውዬ ዘንድሮም አልነቁም?» ትለኛለች። እኔም እንደ ልማዴ እስቃለሁ። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ግን ሳቄን የሚያስተወኝ እንግዳ መጣ።

እንግዳው የእህቴ ልጅ ነው። 15 ዓመቱ ነው፤ የሚኖረው ጥያ ነው። ጥያን የማያውቅ አንባቢ ካለ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ይያዝ፤ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ይሻገር፤ ጉዞው ወደ 90 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ይውረድ። አገሩ ሶዶ ጉራጌ ነው። እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው፤ አዲስ አበባ አደግሁ እንጂ በመስቀል ከዚያ ቀርቼ አላውቅም።

ልጁ ዕረፍቱን እኛ ዘንድ ሊያሳልፍ ሲመጣ በፌስታል የተጠቀለለ ክራር ይዞ ነበር። ራሱ የሠራው ነው። ሆዱ የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ክሮቹ ከብስክሌት የፍሬን ሽቦ ተፈልቅቀው የወጡ ናቸው። ልስቅ ስል ቃኘውና ትዝታን መታ። ሽቦው ይንጫጫል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ ቅኝቱ ግን ቅኝት ነበር። ሳቄን ዋጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቁም ሣጥኑ አንጋጦ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው ነገር ይሠራል?» አለኝ።

«ይሠራል።»

«እርስዎ ይጫወቱበታል?»

«አይ፤ እኔ ጆሮ እንጂ እጅ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?»

ልጁ ነገር ፈልጎ አልነበረም የጠየቀኝ። እንዲያው ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለ ጊታሩ ትንሽ ልንገራችሁ። ኤኮ ይባላል፤ የጣሊያን ሥራ ነው። የተሠራበት አካባቢ፣ የሬካናቲና የካስቴልፊዳርዶ አገር፣ ከጊታር በፊት በአኮርዲዮን የታወቀ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጡት ኤኮዎች አካላቸው የተለበጠው አኮርዲዮን በሚለበጥበት በዚያው በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው። የኔው ቀይ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የሙዚቃ መሣሪያ ሳይሆን የሠርግ ከረሜላ ይመስላል። ሆዱ ላይ አራት ማግኔቶች ተደርድረዋል፤ ሙዚቀኞቹ ፒክአፕ ይሏቸዋል። በእያንዳንዱ ማግኔት ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። የብረቱ ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ በመዳቡ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ ናት አምፕሊፋየር ውስጥ ገብታ አዳራሽ የምትሞላው። ሳይሰካ ከመቱት ግን ድምፁ ከልጁ ክራር ያንሳል።

ጊታሩ የሰፈራችን ሰው ነበር። ሰውዬው በሆቴል ባንዶች ውስጥ ይጫወት ነበር። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነው፤ ሌሊቱ ከገፋ ሙዚቀኛውም ታዳሚውም ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። በሩ ይዘጋና ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥላል። እኛ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ እሱ ጥቁሩን ሣጥን አንጠልጥሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ወደ ቤቱ ሲገባ እንገናኝ ነበር። ለእኔ ከእሱ የሚበልጥ ሰው አልነበረም። በ1972 ዓ.ም. አንድ ምሽት በራችንን አንኳኳና ሣጥኑን እጄ ላይ አስቀመጠው። «ሞክረው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በሳምንቱ ከሰፈር ጠፋ። ሱዳን ገብቷል ተባለ፤ ቆይቶ አሜሪካ ነው ተባለ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ መሞቱን ሰማሁ። አደራም አላለኝ፣ ስጦታም አላለኝ። «ሞክረው» ብቻ።

ሞከርኩት። 17 ዓመቴ ነበር። አራት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ታገልኩት። የግራ እጄ ጣቶች ቆሰሉ፤ ደረቁ፤ እንደገና ቆሰሉ። ክሩን ስጫነው አይወርድልኝም፤ ወረደ ስል ጎረቤቱን ክር ይዞ ይታፈናል። የሚወጣው ድምፅ ጅራቱ የተረገጠ ድመት ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና እየሳቀ፣ «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው!» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተረቱ አፉ ላይ መጣለት፣ ተናገረው። እኔ ግን በዚያ ምሽት ጊታሩን ሣጥኑ ውስጥ አስተኛሁት። «ጆሮ እንጂ እጅ የለኝም» የምትለዋ አባባሌ የተወለደችው ያኔ ነው። ከመደጋገሜ ብዛት እኔም አምኛታለሁ።

እንግዲህ ልጁ ሲጠይቀኝ በአእምሮዬ የተሟገቱት እነዚህ ናቸው። አባቴ ባይኖርም ተረቱ ነበረ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውም ተጨመረበት። የዚያን ዘመን ዕቃ ዛሬ የሚሰበስበው ሰው ብዙ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የያኔው የአዲስ አበባ ሙዚቃ በውጭ አገር ወዳጅ አብዝቷል። ከውጭ የመጣ አንድ የማውቀው ሰው ቀዩን ጊታር አይቶ የጠራልኝ ገንዘብ የልጁን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወጪ ሁሉ ሸፍኖ ይተርፋል።

ባለቤቴ ነገሩን በአጭሩ ቋጨችው። «ሽጠው፤ ለልጁ አዲስ ጊታር ግዛለት፤ የተረፈውን ለእናቱ ስጣት።» ይህን የሚያክል ንጹሕ አሳብ እኔ አላመነጭም። ጀማሪ በትንሽ ዕቃ ይጀምራል፤ ትልቁም ሰው በትንሽ ዕቃ ጀምሯል። ጂሚ ሄንድሪክስ እንኳ ሲያትል ውስጥ ልጅ ሳለ መጀመሪያ እጁ የገባው ከቆሻሻ መሐል የተገኘ፣ አንድ ክር ብቻ የቀረው ዩኩሌሌ ነበር። በእርግጥ ማሲንቆ ያለው አገር ሰው በአንድ ክር አይደነቅም፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ወዲያው ደግሞ ሌላው ምሳሌ ይመጣብኛል። መርካቶ የተወለደው የጉራጌው ልጅ ማሕሙድ አሕመድ ሊስትሮ ነበር፤ ከዚያም አሪዞና ክለብ በጉልበት ሥራ ተቀጠረ። ክለቡ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች የሚመላለሱበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ድምፃዊው ሲቀር እኔ ልዝፈን ብሎ ለመነ፤ ፈቀዱለት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። ያን ምሽት ማይክሮፎኑን የያዘ ሰው «መጀመሪያ አያያዝህን ልይ» ቢለውስ ኖሮ?

በዚህ መሐል ስወላውል ቢያንስ ይሠራ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ጊታሩን የሙዚቃ መሣሪያ ለሚጠግን ሰው ወሰድኩት። የሚሠራባት ክፍል ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው በር ላይ ይቀራል። ጊታሩን አወጣ፤ እንደ ሕፃን አገላብጦ አየው፤ ትንሽ የብረት ማስመሪያ አምጥቶ 12ኛው ፍሬት ላይ ለካ። ፍሬት በጊታሩ አንገት ላይ በአግድም የተቀበሩት ብረቶች ናቸው፤ 12ኛው የክሩ እኩሌታ ላይ ይውላል።

«ማን ሊጫወትበት ነው?» አለኝ።

«ጀማሪ።»

«ጀማሪማ ይሸሻል። ክሩ እዚህ ጋ ከብረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ነው ደግ። የዚህ 5 ነው። ክሮቹም ወፍራም ናቸው። ይህን መጫን ጠጠር መጫን ነው።»

«እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ድምፄ ልክ እንዳልነበረ እሱም ሳያውቀው አልቀረም፤ ቀና ብሎ አየኝ።

ክሮቹን የሚሸከመውን ብሪጅ አሳየኝ። ማስተካከያ ጥርሶቹ ዝገው አንድ ሆነዋል። «ይሄ ጥንትም እንዲህ ነበር። ማንም አልነካውም። የድሮ ሆቴል ሙዚቀኛ እጁ ድንጋይ ነው፤ ወፍራም ክር፣ ከፍ ያለ ክር ይወዳል፤ ድምፁ ይሞላለታል። ለሱ ልክ ነው። አዲስ ሰው ግን ያለቅሳል። ደግሞ ክፋቱ ምን መሰለዎት? የለመደ ሰው ጊታሩን ይወቅሳል፤ ጀማሪ ራሱን ነው የሚወቅሰው።»

በርጩማ ሰጠኝ። ሳልጠይቀው ነው የሰጠኝ።

ለ45 ዓመት እጅ የለኝም ስል የኖርኩት በ3 ሚሊ ሜትር ነበር። ሙዚቀኛ እሆን ነበር አልልም። በስድስተኛው ወር ሰልችቶኝ እተወው ይሆናል፤ ስንቱን ነገር ትቻለሁ። ግን ያኔ የተውኩት ጊታሩን ይሆን ነበር፤ ራሴን አልነበረም። ያ የሰፈሬ ሰው መልካም አስቦ ነው የሰጠኝ። እሱ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወትበት መሣሪያ ለእኔ እንደማይሆን አላሰበም፤ እኔም ልጠይቀው አልቻልኩም፤ ሄዷል። አባቴም ያያዝኩትን ሳያይ አያያዜን አየ። ተረቱ ራሱ ጉድለት አለበት። ጭብጦው ለልጁ እጅ ይመጥን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ጠጋኙ ሐቀኛ ሰው ነው። «ከጠየቁኝ፣ ዛሬ በማሽን የሚቆረጠው ርካሹ አዲስ ጊታር ለጀማሪ ከዚህ ይቀላል» አለኝ። የባለቤቴን ቃል ከአፏ ነጥቆ የሚናገር መሰለኝ። «ይሄን ካስተካከልኩት በኋላ ግን ልዩነቱ ለመማር የሚያግድ አይደለም። አሮጌ ስለሆነ ግን ጠባይ አለው፤ ቁልፎቹ ይንጫጫሉ፣ መለዋወጫው አይገኝም።»

ከጊታሩ ጋር የመጣውን አሮጌውን ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ግን ሊያየውም አልፈለገም። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ላብ አሰመጠኝ። የጊታሩ ክሮች በውስጥ ሽቦ አድርገው ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር ይገናኛሉ። ያረጀ አምፕሊፋየር ውስጡ ተበላሽቶ 220 ቮልቱ ወደ ብረቱ ካፈሰሰ፣ ቤቱም አርዝ የሌለው ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ የሚፈልገው በተጫዋቹ በኩል ነው። «ክሩን በባዶ እግሩ ይዞ ቢቆም አስቡት» አለኝ። አሰብኩት። እኔ የፈራሁት ልጁ ጊታሩን እንዳይሰብረው ነበር፤ ጊታሩ ልጁን ሊሰብረው እንደሚችል አልታየኝም ነበር። በባትሪ የሚሠራ፣ እጅ የምታክል አዲስ አምፕሊፋየር ገዛሁ። መብራት በሚጠፋበት አገር ለእሷም ይሻላል።

የወሰንኩት ከዚያ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። የማልሸጠው ውድ ስለሆነ አልነበረም። የሰጠኝ ሰው «ሞክረው» አለኝ እንጂ «አስቀምጠው» አላለኝም። እኔ በሞከርኩት መንገድ ግን ሌላ ልጅ አይሞክረውም።

መስከረም 2018 ዓ.ም.፣ መስቀል፣ ጥያ። ደመራው ነድዷል፣ ክትፎውና ቆጮው ቀርቧል። ሣጥኑን ስከፍተው እህቴ እንደ ልጇ አልተደሰተችም። ጓዳ ጠራችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ደስ ብሎህ ነው ያመጣኸው። ዋጋውን ግን ሰምቻለሁ። ልጅ ነው፤ ቢሰብረው ፊትህን እንዴት አያለሁ? ይሄ ነገር እኔ ቤት ካደረ እንቅልፍ የለኝም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ውድ ስጦታ ትንሽ ቤት ሲገባ ዕዳ ሆኖ እንደሚቀመጥ ማን ይነግረኛል? እኔ ቁም ሣጥን ላይ ስጠብቀው የኖርኩትን አሁን እሷ እንድትጠብቅልኝ ላሸክማት ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ የሱ ነው» አልኳት። «ቢሰበር የሱ ዕቃ ነው የተሰበረው። አልጠይቅም።»

«ቢሸጠውስ?»

ይህን ለመመለስ ሁለት ጊዜ መጉረስ ነበረብኝ። «ይሽጠው» አልኩ በመጨረሻ። «ብቻ ከመሸጡ በፊት ለኔ ይንገረኝ።» እንግዲህ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ እስከዚህ ድረስ ነው የሆነልኝ።

ልጁ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አደረገው። ጠጋኙ ቀጭን ክር ገጥሞለታል፣ ብሪጁን ዝቅ አድርጎለታል። ግራ እጁ ግን የክራር እጅ ነው። በክራር የግራ ጣቶች የማይፈለገውን ክር ያፍናሉ እንጂ ፍሬት ላይ አይጫኑም። ደፍኖ ያዘው፣ አፈነው፣ ድመቷ ጮኸች። ተረቱ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እውነቴን ነው፤ የአባቴ ሳቅ ጭምር መጣ። ከቆጮው ጋር ዋጥኩትና፣ «ክሩን እዚህ ጋ፣ ብረቱ አጠገብ ተጫነው» አልኩት። ለማሳየት እኔው ጣቴን አደረግሁ፤ እሱ መታው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። በ62 ዓመቴ መጀመሪያ የሰማሁት የራሴ ድምፅ ነው።

በማግሥቱ ወደ ትክል ድንጋዮቹ ወሰደኝ። በአካባቢው የግራኝ ድንጋይ የሚሏቸው አሉ፤ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች ግን ከግራኝ አሕመድ ዘመን የሚቀድሙ የመቃብር ድንጋዮች መሆናቸውን ያስረዳሉ። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ጊታሩ እኔ ቤት ከገባ ብዙም ሳይቆይ መሆኑ ነው። 36 ናቸው፤ 32ቱ ላይ ጎራዴና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል። ልጁ እንደ አስጎብኚ ሲቆጥርልኝ ቆየና፣ «ጋሼ፣ አራቱ ያልተቀረጹት ለተማሪ የተተዉ ይሆናሉ እንዴ?» አለኝ። እንዲህ ያለ ምሁር የለም፤ ግምቱ ግን ወደደኝ። ድንጋዮቹ አጥር ቢኖራቸው ይገባል፤ ሥራቸውን ጨርሰዋል። እኔ አጥሬ ያኖርኩት ግን ገና ያልጀመረውን ነበር።

ልሰናበተው ስል ያን የሰፈሬን ሰው ቃል ደግሜ «ሞክረው» ልለው ነበር፤ አሳጠርኩበት መሰለኝና ጨመርኩበት። «ከከበደህ መጀመሪያ ለኔ ደውል። ጥፋቱ የጊታሩ ይሆናል» አልኩት።

በጥቅምት ደወለ። ቀጭኑ ክር ተበጥሷል። «አዲስ ክር እልክልሃለሁ፣ እስከዚያ አትንካው» ልለው ስል ቀደመኝ።

«ገጥሜበታለሁ ጋሼ። ከክራሩ የፍሬን ሽቦ አውጥቼ። ትንሽ ይንጫጫል እንጂ ይጮኻል።»

ደነገጥኩ። በዚያ ቀይ ጊታር ላይ የብስክሌት ሽቦ! ያ ሰብሳቢ ቢሰማ ምን ይል ይሆን እያልኩ ሳስብ ልጁ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጦ መምታት ጀመረ። ትዝታ ነው። ማግኔቱ ብረት መሆኑን እንጂ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። እስኪጨርስ ሰማሁትና፣ በማግሥቱ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ሁለት ሙሉ ክር ላክሁለት። አንዱ ለጊታሩ ነው። ሌላው ለክራሩ።